አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ስለ ማክሰኞ ምሽት ባዶ ወንበሮች የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ኳስ ወዳጆች እየተቀባበሉ ሲያነቡት የከረሙት አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ክለቦች በሳምንቱ መሃል፣ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ፣ በሜዳቸው ሲጫወቱ ስታዲየሙ ለምን ይሳሳል? ጸሐፊው መልሱ ቀላል ነው ባይ ናቸው። ጥፋቱ የደጋፊው ነው።

ሐሳባቸውን ላሳጥረው። እውነተኛ ደጋፊ ቀን አይመርጥም። የድሮ ሰው በሥራ ቀንም ስታዲየም ይሞላ ነበር። የአውሮፓ ውድድር ምሽቶች ጢም ብለው ስለሚሞሉ ችግሩ ከቀኑ አይደለም። ቴሌቪዥን ሰውን ሶፋ ላይ አስቀርቶታል። የትኬት ዋጋ መቀነስ ታማኙን መስደብ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ መሃል የሚቀር ሰው ይቀጣ፤ ለትልቅ ጨዋታ ትኬት ሲጠይቅ ከሰልፉ መጨረሻ ይቁም። ፊሽካ ሳይነፋ በ80ኛው ደቂቃ የሚወጣውም አይማር።

ጽሑፉ ከልብ የተጻፈ ነው። ባዶ ወንበር ሲያዩ የሚያማቸው ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። እኔንም ያመኛል። ግን ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብኝ። ያንን ጨዋታ ማክሰኞ ማታ ላይ ያስቀመጠው አካል አለ። ሰዓቱንም የመረጠ አለ። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ይህ አካል አንድም ቦታ አልተነሳም። ዱላው ሁሉ ያረፈው ደጋፊው ጀርባ ላይ ነው።

በየተራ ልሂድ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው ነው።

«እውነተኛ ደጋፊ» ከሚለው ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እሱ ነውና። ለዚህ አንድ ምሽት ላስታውስዎት። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2018 የጀርመኑ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በሜዳው ኦግስበርግን አስተናገደ። የዶርትሙንድ ስታዲየም ከ81,000 በላይ ሰው ይይዛል። «ቢጫው ግንብ» የሚባለው የደቡቡ ትሪቡን ላይ ብቻ 25,000 የሚጠጋ ሰው ቆሞ ይዘምራል። ዝናብ ይዝነብ በረዶ ይውረድ፣ እዚያ ክፍት ቦታ ማየት ብርቅ ነው። ያን ምሽት የተነገረው የተመልካች ቁጥር ግን 54,300 ነበር። ወደ 27,000 የሚሆን ቦታ ባዶ ቀረ ማለት ነው።

ምን ተፈጠረ? ቀኑ ሰኞ ነበር። የጀርመን ሊግ፣ ቡንደስሊጋው፣ በዚያ የውድድር ዓመት አምስት ጨዋታዎችን ወደ ሰኞ ማታ አዛውሮ ነበር። የደጋፊ ቡድኖች ተመካከሩና «አንገባም» አሉ። ከአንድ ሳምንት በፊት አይንትራክት ፍራንክፈርት ላይፕዚግን ሲያስተናግድ ደግሞ ደጋፊው ሌላ መንገድ መርጧል። ገብቶ ሜዳው ላይ የቴኒስ ኳስ አዘነበ፤ ጨዋታውም ዘገየ። አንዱ ቀርቶ ተቃወመ፣ ሌላው ገብቶ ተቃወመ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሊጉ አስተዳደር እጅ ሰጠ። የሰኞ ጨዋታ ከ2021/22 ጀምሮ እንዲቀር ወሰነ፤ ቀረም።

ያን ምሽት የቀሩት ሁሉ በተቃውሞ ነው የቀሩት ብዬ አልምልም። ግን በጸሐፊው ሚዛን ቢመዘኑ እነዚህ ሰዎች ሁሉም የውሸት ደጋፊዎች ናቸው። ቅጣት የሚገባቸውም እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ከክለቡ ጋር ያላቸው ነገር ስለጠነከረ ነው የቀሩት እላለሁ። ግድ የሌለው ሰው ማኅበር ሰብስቦ አይቀርም። ዝም ብሎ ነው የሚቀረው።

ሰኞ የሳምንት መሃል አይደለም ይሉኝ ይሆናል። ማክሰኞ ማለዳ ሥራ ለሚገባ ሰው ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? በስፔንም ይኸው ሰኞ ነበር ያጋጨው። በ2019 የአላቬስ ደጋፊዎች የሬሳ ሳጥን ተሸክመው «የኳስ ቀብር» ሠርተዋል። በነገራችን ላይ ጀርመኖች በመሃሉ ጨዋታ የተጨመረበትን ሳምንት «የእንግሊዝ ሳምንት» ይሉታል። ደስ የማይል ነገርን በሌላ አገር ስም መጥራት የትም ያለ ነው።

አሁን ወደ ድሮው እንሂድ። ጸሐፊው አባቶቻችን ቀን ሳይመርጡ ይገቡ ነበር ይላሉ። ይህ ነጥብ ትንሽ ያዝናናል፤ የኳስ ታሪክ ራሱ የሚናገረው ተቃራኒውን ነውና።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚታይበት ሰዓት የሆነው ለምንድን ነው? በ1850 በእንግሊዝ የወጣው የፋብሪካ ሕግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሴቶችንና ወጣቶችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ እንዳያሠሩ ከለከለ። እነሱ ሲወጡ ፋብሪካው ቆመ። ቀስ በቀስም ግማሽ ቅዳሜ የሠራተኛው ሁሉ ሆነ። ኳስ መጥቶ የተቀመጠው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት የሚባለው የታወቀው የጨዋታ መጀመሪያ ከሰማይ አልወረደም። ከፋብሪካው ደወል ተነስቶ፣ ሰው ከሥራ ወጥቶ በእግሩ ሜዳ የሚደርስበት ሰዓት ተሰልቶ የመጣ ነው። ያኔ ጨዋታው ነበር የሠራተኛውን ሰዓት የሚጠብቀው።

እንዲያውም በሳምንት መሃል ቀን ስሙን ያገኘ ክለብ አለ። ሼፊልድ ዌንስደይ። ዌንስደይ ማለት ረቡዕ ነው። ክለቡ በ1820 የክሪኬት ክለብ ሆኖ ተመሠረተ፤ በ1867 ኳስ ጨመረ። ስሙ ረቡዕ የሆነው መሥራቾቹ የግማሽ ቀን ዕረፍታቸው ረቡዕ ስለነበረ ነው። አያችሁ? በሳምንቱ መሃል የተጫወቱት በሳምንቱ መሃል ሥራ ስላልነበራቸው ነው። ቀን አይመርጥም የተባለው የድሮ ሰው ቀን መርጦ፣ ክለቡን በመረጠው ቀን ስም ሰይሞታል።

ፓውዛስ፣ ማታ የሚያጫውተው የሜዳ መብራት? እዚያው ሼፊልድ ብራማል ሌን ላይ በኦክቶበር 1878 በኤሌክትሪክ መብራት የማታ ጨዋታ ተደርጎ ወደ 20,000 ሰው መጥቷል። አብዛኛው የመጣው ኳሱን ሊያይ ይሁን አምፖሉን ሊያይ ለመገመት አይከብድም። ከዚያ ወዲያ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ራሱ በ1930 ክለቦቹን በፓውዛ እንዳይጫወቱ አገደ። እገዳው የተነሳው በ1950 ነው። ስለዚህ ጸሐፊው የሚናፍቁት የማታ ጨዋታ የአያቶቻችን ልማድ አልነበረም። ተከልክሎ የኖረ ነገር ነው።

ፓውዛው ከተፈቀደ በኋላ የሆነውም ይመቸኛል። ዲሴምበር 13 ቀን 1954፣ ሰኞ ማታ፣ የእንግሊዙ ወልቭስ በሜዳው የሃንጋሪውን ሆንቬድ ገጠመ። የሃንጋሪው ኮከብ ፑሽካሽ ያለበት ቡድን ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ሃንጋሪ እንግሊዝን ዌምብሌይ ላይ 6 ለ 3 ቀጥታታለች፤ ቁስሉ ገና አልሻረም። 55,000 ገደማ ሰው ገባ። ወልቭስ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስቶ 3 ለ 2 አሸነፈ። የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ የተጠነሰሰው ከዚያ ምሽት በኋላ በተነሳው ክርክር ነው። ጸሐፊው ድሮ ሲሉ በአእምሯቸው ያለው ይህን የመሰለ ምሽት እንደሚሆን እገምታለሁ።

ግን 14 ወር ቆየት እንበል። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1956፣ ረቡዕ ማታ፣ ፖርትስመዝ ከኒውካስል። በእንግሊዝ ሊግ ታሪክ በፓውዛ የተደረገው የመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ ነው። አዲስ ነገር ነው፤ ሰው ሊጎርፍ ይገባ ነበር። የገባው 16,000 ያህል ብቻ ነው። ያ ሜዳ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በ1949፣ ቅዳሜ ቀን ለኤፍኤ ካፕ ጨዋታ 51,385 ሰው አስገብቷል። በፓውዛው ምሽት ብርድ ነበር። ፊውዝም ተቃጥሎ ጨዋታው ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ጀመረ። ያኔ በየቤቱ ሶፋ ላይ ሆኖ የሚያየው ቀጥታ ስርጭት የለም። ስልክ ላይ የሚከፈት ጨዋታ የለም። የድሮው ሰው ነው፤ አባታችን ነው። ተራ የሊግ ጨዋታ፣ በሥራ ቀን፣ በብርድ ማታ። አልመጣም።

አንድ የተገላቢጦሽ ማስረጃም አለ። በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ እንግሊዝ የኃይል እጥረት ገጠማት። ፓውዛ ማብራት ተከለከለ። የሳምንት መሃል ጨዋታዎች በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ሰዓት መደረግ ጀመሩ። ክለቦቹ ሲጨንቃቸው ጃንዋሪ ላይ እሑድ መጫወትን ሞከሩ። እሑድ መግቢያ ማስከፈል በሕግ አይቻልም ነበር። ስለዚህ መግቢያው ነፃ ነው ተባለና በሩ ላይ የጨዋታውን መጽሔት በትኬቱ ዋጋ መሸጥ ተጀመረ። ዘዴኛ ሰዎች ናቸው። ብዙ ክለቦችም ከወትሮው የበለጠ ተመልካች አገኙ። ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው። ቡድኖቹም ያው። የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ የተሻለው ነው። የአውሮፓ ውድድር ጨዋታዎች ማክሰኞና ረቡዕ ማታ እየተደረጉ ይሞላሉ። እንግዲያው ቀኑ ምን አደረገ?

እውነት ነው፣ ይሞላሉ። የሚሞሉት ግን ብርቅ ስለሆኑ ነው። ሰው በዓመት ሦስት አራት ምሽት ከአለቃው ፈቃድ ይለምናል፣ ልጅ የሚጠብቅለት ዘመድ ይፈልጋል፣ እንቅልፉን ይሠዋል። ይህን በየሁለት ሳምንቱ ለሊግ ዋንጫ የመጀመሪያ ዙርና ለተራዘመ የሊግ ጨዋታ አድርግ ሲሉት ጉልበቱ ያልቃል። በቀላሉ የማይታይ ሌላ ነገርም አለ። የአውሮፓ ምሽት የሚሞላው በከፊል የቅዳሜው ደጋፊ ባልሆነ ሰው ነው። ትልቅ ስም ሊያይ የሚመጣ፣ አንዴ ብቻ የሚመጣ ሰው። ጸሐፊው የሞላውን ስታዲየም እንደ ታማኝነት ማስረጃ ያቀርቡታል፤ እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ ግን በቀጣዩ ማክሰኞ የሉም።

ብርቅነቱም እየተሸረሸረ ነው። ሻምፒዮንስ ሊግ ከ2024/25 ጀምሮ አሠራሩን ሲቀይር የጨዋታዎቹ ብዛት ከ125 ወደ 189 ከፍ ብሏል። የተጨመሩት ጨዋታዎች የት ተቀመጡ? ሥራ ቀን ላይ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ውድድሩን የሚመራው የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር፣ የዩኤፋ፣ የራሱ ድርጊት ነው። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ለረጅም ዘመን ረቡዕ ማታ ነበር። በ2010 ኢንተር ሚላን ባየር ሙኒክን ማድሪድ ላይ ሲገጥም ወደ ቅዳሜ ዞረ። የተሰጠው ምክንያት ልጆችና ቤተሰብ እንዲያዩት ነው። ያ አልበቃም። ለ2026ቱ የቡዳፔስት ፍጻሜ ደግሞ መጀመሪያው ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት እንዲመጣ ተወሰነ። ደጋፊው ከጨዋታው በኋላ ትራንስፖርት እንዲያገኝ፣ ቤተሰብ እንዲመቸው ተባለ። እንግዲህ ልብ ይበሉ። ይህ በዓለም ላይ ትኬቱ እንደ ወርቅ የሚፈለግ የክለብ ጨዋታ ነው። በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቢያደርጉትም ይሞላል። እሱን እንኳ ቀኑንና ሰዓቱን ለሰው እንዲመች አስተካክለውታል። ቀን ለውጥ አያመጣም የሚሉት ጸሐፊያችን ከዩኤፋ ጋር ቢነጋገሩ ጥሩ ነው።

ስለ ቴሌቪዥን የተባለው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ።

ሰው ቤቱ ሆኖ ማየት ሲችል የሚቀር ይኖራል። ይህ አይካድም። ዴቪድ ፎረስትና ሮብ ሲመንስ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2006 በእንግሊዝ የታችኛው ሊግ ተመልካች ላይ ያወጡት ጥናት ሁለቱንም ያሳያል። በሳምንቱ መሃል ተመልካች ይቀንሳል። በዚያው ምሽት ሻምፒዮንስ ሊግ በነፃ ቴሌቪዥን ሲታይ ደግሞ የባሰ ይቀንሳል። ጸሐፊው ሁለተኛውን አነሱ፤ የመጀመሪያውን ዘለሉት።

ደግሞስ ቴሌቪዥኑን ማን አመጣው? ደጋፊው አይደለም። በብሪታኒያ ቅዳሜ ከቀኑ 8:45 እስከ 11:15 ኳስ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ከአሥርተ ዓመታት በፊት የተያዘ ደንብ ነው። ዓላማውም የትንንሾቹን ክለቦች በር መጠበቅ ነው። ማለትም ኃላፊዎቹ ቴሌቪዥን ስታዲየም እንደሚያራቁት አውቀው ለቅዳሜ አጥር ሠሩለት። ለማክሰኞ ማንም አጥር አልሠራም። እንዲያውም ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉት ክለቦች ከ2018/19 ጀምሮ የሳምንት መሃል ጨዋታቸውን ለአገር ውስጥ ተመልካች በኢንተርኔት እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸው ነበር። ከ2024/25 ወዲህ ደግሞ የቴሌቪዥን ኩባንያው ስካይ በአዲሱ ውል ከእነዚህ ሊጎች በዓመት ከ1,000 በላይ ጨዋታ ያሳያል፤ የሳምንት መሃሎቹም አሉበት። ገንዘቡን ክለቦቹ ይፈልጉታል፣ አልፈርድባቸውም። ግን አንድ ሰው ዕቃውን ቤት ድረስ አምጥቶ ከሸጠልኝ በኋላ «ለምን ሱቅ አልመጣህም» ብሎ ሊቆጣኝ አይችልም።

ሰውን ያስቀረው የቡድኑ አጨዋወት ነው የሚሉትን ጸሐፊው አጣጥለዋቸዋል። ልክ ናቸው። መጥፎ ኳስ ቅዳሜም ይታያል።

ወደ ትኬት ዋጋው እንምጣ። ጸሐፊው ዋጋ ከተቀነሰ አስቀድሞ የከፈለው የዓመት ትኬት ያዥ እንደ ሞኝ ይቆጠራል ይላሉ። ይህን ቅሬታ እረዳለሁ፤ እኔም የዓመት ትኬት አለኝ። ግን እዚህ ላይ ሁለታችንም ልናየው የሚገባ ነገር አለ። ማክሰኞ ማታ ባዶ ሆኖ ከሚታየው ወንበር ብዙው የተሸጠ ወንበር ነው። ባለቤቱ ከወራት በፊት ከፍሎበታል። ያልመጣው እሱ ነው። ዋጋ ቢቀነስም ባይቀነስም ያ ወንበር ገበያ ላይ የለም።

ለዚህ ነው ክለቦች የሚያወጡት ቁጥር ከዓይናችን ጋር የማይገጥመው። በብዙ ቦታ የሚነገረው የተሸጠው ትኬት ብዛት ነው እንጂ በሩን ያለፈው ሰው ብዛት አይደለም። የዓመት ትኬት ያዡ ቢመጣም ባይመጣም ይቆጠራል። ጽሑፉ ላይ በክለቦች ቁጥር ተመሥርቶ የቅዳሜና የማክሰኞ ልዩነት ትንሽ ነው የሚል አረፍተ ነገር አለ። ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ቁጥር የሚለካው ሽያጭን ነው።

መድኃኒቱ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የማይመጣው ሰው ወንበሩን በቀላሉ ይልቀቅ። ባርሴሎና ለዓመታት የያዘው «ሴየንት ዪዩሬ» የሚባል አሠራር አለው፤ ነፃ ወንበር እንደ ማለት ነው። አባሉ አልመጣም ብሎ ያሳውቃል፤ ክለቡ ወንበሩን ይሸጠዋል፤ ከሽያጩ ድርሻ ለአባሉ ይመለሳል። ሌሎች ክለቦችም መልሶ መሸጫ አላቸው፤ ግን አንዳንዱ ከጨዋታው ቀናት ቀድሞ ይዘጋል። ማክሰኞ ማታ መቅረቱን ሰው የሚያውቀው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አለቃ ሲያስቆየው፣ ልጅ ሲያተኩሰው። ያኔ በሁለት ንክኪ ወንበሩን መልቀቅ ካልቻለ ባዶ መሆኑ አይቀርም።

ስለ ዋጋ ሲነሳ ከሜዳቸው ውጪ የሚጓዙትንም መርሳት የለብንም። እንግዳው ጥግ ላይ ሦስት መቶ ሰው ብቻ ሲቀመጥ ድባቡ ግማሹን ያጣል። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2016/17 ጀምሮ ለተጓዥ ደጋፊ የትኬት ጣሪያ 30 ፓውንድ አድርጓል። ደጋፊዎች ለዓመታት ታግለው ያገኙት ድል ነው። ግን ከኒውካስል እስከ ቦርንመዝ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጨዋታው ከምሽቱ 3:40 አካባቢ ሲያልቅ የሚመልስ ባቡር የለም። ትኬቱ በነፃ ቢሰጥም ሌሊቱ አይሰጥም። በብዙ የጀርመን ክለቦች የስታዲየም ትኬቱ የከተማ ባቡርና የአውቶቡስ ትኬትም ነው። ዋጋ መቀነስ ካሉ አይቀር እንዲህ ያለውን ነው የምወደው፤ ታማኙን የሚሰድብ አይመስለኝም።

ቅጣቱስ? ጸሐፊው የሳምንት መሃል ያልመጣ ሰው፣ ክለቡ ትኬት ሲያከፋፍል የሚያይለት ነጥቡ ይቀነስ፣ ለትልቁ ጨዋታ ወደ ኋላ ይሰለፍ ብለዋል። በአንድ ነገር ልስማማ። ወንበር ይዞ ዓመቱን ሙሉ ለትልቅ ጨዋታ ብቻ ብቅ የሚል፣ ሌላውን ቀን ለማንም የማይለቅ ሰው አለ። ከኋላው በሺህ የሚቆጠር ሰው ወረፋ ይጠብቃል። እሱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተባለው ቅጣት ግን እሱን ብቻ አይመታም። በፈረቃ የምትሠራዋን ነርስ ይመታል። የሌሊት ሾፌሩን ይመታል። ልጆቹን ብቻውን የሚያሳድገውን፣ ራቅ ካለ ከተማ የሚመጣውን ይመታል። በነጥብ ዝርዝሩ አናት ላይ ማን ይቀራል? ማታ ማታ ሥራ የሌለው፣ ስታዲየም አጠገብ የሚኖር ሰው። እሱም ክብር ይገባዋል፤ ግን የተለካው ፍቅሩ ነው ወይስ አድራሻው? ነጥብ መስጠት ካስፈለገ ወንበሩን በጊዜ ለለቀቀ ሰው እንደ መጣ ይቆጠርለት። ወንበሩ ሞልቷል አይደል?

እንዲያውም ቅጣቱን ገልብጠን እናስበው። ጨዋታን በአሥራ ሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ያዞረ አካል ለእያንዳንዱ የዓመት ትኬት ያዥ አንድ ነገር ይክፈል። ትንሽ ነገር ትሁን፤ ለቀጣዩ ዓመት የምትቀነስ። ከዚያ ስንት ጨዋታ እንደሚዞር አብረን እንቆጥራለን።

የቀረው በ80ኛው ደቂቃ የሚወጣው ሰው ነው። ጸሐፊው በጽሑፋቸው ማብቂያ ላይ በጣም የተቆጡት በእሱ ነው። ፊሽካ ሳይነፋ መውጣት ክለብን መክዳት ነው ብለዋል። እዚህ ላይ ምስክርነቴን ልስጥ፤ ከሃዲው እኔ ነኝና።

ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ወዲህ ዳኞች የባከነ ሰዓትን ጠበቅ አድርገው መቁጠር ጀምረዋል። ፍትሐዊ ነው፣ አልቃወምም። ግን ድሮ በ93ኛው ደቂቃ የሚያልቀው ጨዋታ አሁን አንዳንዴ 98 እና 100 ይደርሳል። ቅዳሜ ቀን ይህ ጉርሻ ነው። ማክሰኞ ማታ፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓቱን ጠብቆ ሲሄድ፣ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ማክሰኞ 0 ለ 0 ነበርን። ሰዓቴን አየሁ። ጎን ለጎን ስድስት ዓመት አብሮኝ የተቀመጠው ጎረቤቴ ያን ቀን አልመጣም፤ የማታ ፈረቃ ነበረው። ኮቴን ለበስኩ። ከኋላዬ አንዱ «ወዴት ነው?» አለ፤ አልመለስኩለትም። ፌርማታው ላይ ስደርስ የክለቡን ማሊያ የለበሱ አራት ሰዎች ቆመዋል። ሰላም ተባባልን። አንዳችንም ስለ ጨዋታው አላወራንም። አውቶቡሱ ታጥፎ ሲመጣ ከስታዲየሙ በኩል ያ ድምፅ ተነሳ፤ ኳስ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፅ። አምስታችንም ዞርን። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ማን እንዳገባ ያወቅነው መንገድ ላይ ነው፤ ከመሃላችን አንዷ ስልኳን አይታ ጮክ ብላ ነገረችን። አምስታችንም የዓመት ትኬት ያዦች ነን። በማግስቱ ክለቡ ባወጣው የተመልካች ቁጥር ውስጥ አምስታችንም ተቆጥረናል። ያልመጣው ጎረቤቴም ተቆጥሯል።